የእማዬ መብራት

ልጇ የሠራላት መብራት ቦግ ሲል ልብስ ሰፊዋ እናት "ዓይኔ በራልኝ!" ብላ መርፌዋን አነሳች። ሳቋን ሳትጨርስ ብርሃን ሰጪው ዳዮድ ጠቁሮ ጠፋ፤ የቃጠሎ ሽታም ክፍሉን ሞላው። ለእንዲህ ያለ ኃይለኛ ዳዮድ የሚሆነው፣ ከረንቱን መጥኖ የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ የልጁ እህት ቤት ነበር። ተኳርፈው ስለነበር እሷን ከመለመን ቮልቴጅ ብቻ የሚጠብቀውን የራሱን መርጦ ነበር፤ ዳዮዱ ሲግል ከልክ በላይ ከረንት ስቦ እንደሚቃጠል እያወቀ።

"ምን ነካው?" አለች እናቱ።

"ዕቃው ብልሹ ነበር፣ እማዬ" አላት፣ ምላሱ እንኳ ሳይደናቀፍ።

ያኔ እህቱ ያንን ፓወር ሰፕላይ ታቅፋ ገባች። "መብራት ልትሠራላት እንደሆነ እማዬ ነገረችኝ። ይኼ ያስፈልግሃል ብዬ ነው።" ሽታው አፍንጫዋን ሲመታው ጠረጴዛውን አየች፤ ከዚያም እሱን አየችው።

"ብልሹ ዕቃ ሸጠውለት ነው እንጂ የኔ ልጅማ ሥራውን አበጥሮ ያውቃል" አለች እናታቸው።

"ያጋጥማል፣ እማዬ።" እህቱ ከቦርሳዋ ሌላ ዳዮድ አወጣች። "ና ወንድምዓለም፣ ሽቦውን ያዝልኝ።"

ያዘላት። ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ።

"እማዬ" አለ፣ ቀና ማለት አቅቶት፣ "ዕቃው ደህና ነበር።"