የዘለለችው ምት

«አሁንም አልዘለልካትም!» ብሎ ጮኸ የኦርኬስትራው መሪ። የጥንቱን የዳንስ ሙዚቃ ከአንድ አሮጌ ሸክላ እየቀዱ ማጥናት ከጀመሩ ወራት አልፈዋል። «ሸክላው ላይ እዚህ ጋ አንድ ምት ይዘላሉ። የድሮዎቹ ጥበብ እኮ እሷ ናት!»

«ጋሼ፣ እሷን ስዘላት የሚደንሰው ሰው እግሩ ይጠላለፋል» አለ ድራመሩ ናሁሠናይ።

«አንተ ነህ እነሱን የምታርመው? ውጣልኝ! ሁለተኛ እንዳትመጣ!»

ናሁሠናይ ዱላዎቹን ሰብስቦ ወጣ።

መሪው ለቀሩት ደግሞ ሊያሰማቸው ሸክላውን ሲያነሳ ጣቱን አንድ ነገር ሻከረው። የደረቀ የሻማ ጠብታ ነው። እየተነጫነጨ በጥፍሩ ፋቀውና አጫወተው።

ሙዚቃው እዚያች ቦታ ደረሰ፤ አንድም ምት ሳይዘል አለፈ። የሁሉም እግር ሳይታዘዝ ወለሉን ይመታ ጀመር።

ከውጭ የናሁሠናይ ሞተር ሳይክል ተነስቶ ሲርቅ ተሰማ።