አንድ ኮከብ ለዱዌይን

ዱዌይን ሃቨርላንድ ደንበኛ ሲገባ ቀና አይልም። ዕድሜውን ሙሉ ጠመንጃ ሲሸጥ ኖሮ «ምን ልታዘዝ?» ማለትን ገና አልተማረም። የሱቁ በር ላይ «ክፍት ነው» የሚል ጽሑፍ ተንጠልጥሏል፤ የባለቤቱ ፊት ግን ሁልጊዜ ዝግ ነው።

ማርሊስ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ቢሆንም አባቷን ኦርቪልን ይዛ የመጣችው እዚህ ነው፤ ከወጣትነቱ ጀምሮ ጥይት የሚገዛው ከዱዌይን ነዋ።

እናቷ በመስከረም ከተቀበረች ወዲህ ሽማግሌው አንድም ነገር ጠይቋት አያውቅም። ምግብ ስትወስድለት «አመሰግናለሁ» ይላል፤ በማግስቱ ድስቱን እንዳለ ታገኘዋለች። መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ በረዶ ሲለብስ እንኳ ደንታ አልሰጠውም። ዛሬ ጠዋት ግን ራሱ ደወለላት።

«ልጄ፣ ከተማ ታደርሺኛለሽ? ሽጉጥ ልገዛ ነው። ቀበሮ አስቸገረኝ።»

ተላጭቶ፣ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን ለብሶ ጠበቃት። ማርሊስ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። አባቷ ከሐዘኑ ሊወጣላት ነው። ለዚህ ስትል የዱዌይንን ፊት ልትችለው ቆርጣ ነበር።

ሱቁ ውስጥ፣ ምድጃው ዳር፣ የማይገዙም የማይሄዱም ሽማግሌዎች ቡናቸውን ይዘው የአጋዘን ወሬ ይሰልቃሉ።

«ሽጉጥ ፈልጌ ነበር» አለ ኦርቪል።

«ለምንህ?»

ማርሊስ ጥርሷን ነከሰች። ዳቦ ቤት ገብቶ ዳቦ የጠየቀን ሰው «ለምንህ?» የሚል ማን አለ?

«ለቀበሮ።»

«ቀበሮ በሽጉጥ? ልትጨብጣት ነው እንዴ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ቀልደኛው ራሱ አልሳቀም። «ያ የአደን ጠመንጃህስ?»

«ለልጅ ልጄ ሰጠሁት።»

«ያንን ጠመንጃ?»

«ይጠቀምበት ብዬ ነዋ።»

ዱዌይን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ኪሱ ውስጥ የተሰረቀ ዕቃ የሚፈልግ ይመስል ኦርቪልን ከእግር እስከ ራሱ መረመረው። ምድጃው ዳር ያለው ወሬም ተቋረጠ።

«የትኛውን ነው የምትፈልገው?»

«የትኛውም ይሁን።»

«ጥይትስ?»

«ትንሽ ይበቃኛል።»

«የለኝም» አለ ዱዌይን።

ሽጉጥ በሽጉጥ ላይ ተደርድሮ የመደርደሪያው መስተዋት ሊሰበር ደርሷል።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አለች ማርሊስ። «የገና ጌጥ ነው?»

«የምሸጠው የለኝም አልኩ። የመሸጥ ግዴታ የለብኝም።» ወደ አባቷ ዞረ። «ኦርቪል፣ ና ቁጭ በል፣ ቡና ልቅዳልህ። ነገ ሐይቁ ላይ ዓሣ ልናጠምድ ነው፤ ከቤትህ መጥቼ እወስድሃለሁ።»

«ዓሣ አልጠየቀህም!»

«አንቺ ደግሞ እስቲ ወደዚህ ነይ። ለብቻሽ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ለብቻዬ ምን ልትለኝ? ዋጋ ልትሰቅልብን?» አባቷን በክንዱ ያዘችው። «ሰው ሚስቱን ቀብሮ ገና ከቤቱ ብቅ ሲል እንዲህ ነው የሚቀበሉት? ነውር የሚባል አታውቅም!»

ዱዌይን ያለ ካፖርት እስከ መኪናዋ ድረስ ተከትሏት ወጣ። መስኮቱን ሲያንኳኳ ነድታ ሄደች።

አውራ ጎዳናው ዳር ያለው አዲሱ ሱቅ ግን ሱቅ ነው! ገና በሩን ሲከፍቱ ብሪያና የምትባል ልጅ በፈገግታ ተቀበለቻቸው።

«እንኳን ደህና መጡ አባባ! ይቀመጡ፣ እዚህ ጋ ይሞቃል። ምን ላሳይዎት?»

ለምን እንደሚፈልገው አልጠየቀችም። ኦርቪል «የትኛውም ይሁን» ሲላት «እኔ ልምረጥልዎታ!» ብላ ቀለል ያለውን አወጣችለት። ሕጉ እንደሚያዝዘው ስሙን በስልክ አጣራች፤ ከመግዛት የሚያግደው ነገር አልተገኘም። ጥይቱን አብራ ጠቀለለች፤ ኮፍያ መረቀችለት፤ እስከ መኪናው ድረስም ዕቃውን ተሸክማ ሸኘችው።

«ጥሩ ልጅ ናት» አለ ኦርቪል መንገድ ላይ። ማርሊስ አባቷ ሰው ሲያመሰግን ከሰማች ሰንብታ ነበር።

መንገድ ላይ ስልኳ ጮኸ። የዱዌይን ሱቅ ቁጥር ነው። ዘጋችበት። ደግሞ ጮኸ፤ ደግማ ዘጋችበት። ደንበኛ ንጉሥ መሆኑ አሁን ትዝ አለው መሰል!

ቤቱ በር ላይ ኦርቪል ወዲያው አልወረደም። እጇን ይዞ ቆየ፤ ከዚያ ግንባሯን ሳማት። ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

«ሂጂ የኔ ልጅ፣ ልጆችሽ ይጠብቁሻል። ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ።»

ማርሊስ እያለቀሰች ነዳች፤ የደስታ እንባ ነበር። ቤቷ እንደገባች ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ስለ ሁለቱ ሱቆች ኢንተርኔት ላይ የደንበኛ አስተያየት ልትጽፍ ተቀመጠች። ለብሪያና አምስት ኮከብ ሰጠች። «አባቴ ከወራት በኋላ ዛሬ ሰው ሆነ» ብላ ጻፈች፤ «ጥሩ መስተንግዶ ያዘነን ልብ ይጠግናል።»

ለዱዌይን አንድ ኮከብ። ከዚያ በታች ቢኖር ያንን ትሰጠው ነበር። «ይህ ሰው ደንበኛን እንደ ሌባ የሚመረምር፣ ዕቃው ሞልቶ የለኝም የሚል፣ በሐዘንተኛ ላይ የሚቀልድ ባለጌ ነው። ሱቁን ዘግቶ ዓሣውን ቢያጠምድ ይሻለዋል።» አንብባው ረካች። ለመላክ ጣቷን ስታነሳ ስልኳ እንደገና ጮኸ። ልኩን ልትነግረው አነሳችው።

«ይቅርታ ልትጠይቅ ከሆነ ረፍዷል» አለችው።

«ማርሊስ፣ ስሚኝ፤ እንደ አባትሽ ሚስቱን የቀበረ ሰው አምና መጣ፣ እየሳቅኩ ሸጥኩለት፣ በማግስቱ በዚያው ሽጉጥ ራሱን ገደለ፤ ኦርቪል አሁን ከማን ጋር ነው?»