ሦስት ቆርኪዎች

የትምህርት ቤቱ በር ልጆችን የሚያስገባው "ትናንት ቤት ውስጥ ምን ተደረገ?" ብሎ ጠይቆ መልስ ሲያገኝ ነው። የሰማውን ለማን እንደሚያደርስ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጎረቤታችንን የወሰዱት የገዛ ልጁ በሩ ላይ ባወራች ማግስት ነው። የእኔዋ ሶስና ግን ስድስት ዓመት ሞልቷትም ሁለት ቃል አገጣጥማ መናገር ስለማትችል "ውሃ" ስትለው ዝም ብሎ ይከፍትላታል።

እናት ሞኝ ናት። ሐኪሟ እንዳሳየችኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስት ቆርኪ እየደረደርኩ አስተማርኳት፦ መጀመሪያ፣ ከዚያ፣ በመጨረሻ። አንድም ቀን ሦስተኛው ላይ ደርሳ አታውቅም።

ዛሬ ጠዋት ጫማዋን ላስርላት ስል ቆርኪዎቹን ወለሉ ላይ ደረደረቻቸው።

"መጀመሪያ ጋሼ ይቱ መጣ። ከዚያ እማዬ ቁምሳጥን ውስጥ ደበቀችው። በመጨረሻ... በመጨረሻ የእኔን ዳቦ በላ!"

ቁምሳጥኑ ውስጥ፣ የሚፈለገው ወንድሜ ይትባረክ ትንፋሹን ዋጠ። እልል ልበል ወይስ አፏን ልያዝ?

"እማዬ፣ ጎበዝ በይኝ እንጂ!"

"ጎበዝ የኔ እናት። ግን ይሄ ለማንም አይነገርም፣ እሺ?"

"እሺ።"

እንዳላስቀራት፣ የቀረ ልጅ ቤት ከቀትር በፊት ፈታሽ ይላካል። በሩ ጋ ደረስን።

"ሶስናዬ፣ ትናንት ቤት ውስጥ ምን ተደረገ?" አለ በሩ፣ እንደ አክስት በለሰለሰ ድምፅ።

ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። ከዚያ ቁጢጥ ብላ ሦስቱን ቆርኪዎች ከኪሷ አወጣች።