የማይጠፋው የፍሬን መብራት

የመኪና መብራት አመሉ ይታወቃል። ወይ አምፖል ነው፣ ወይ ፊውዝ ነው፣ ወይ ሽቦ ነው። ሌላ ሰበብ የሚደረድርልኝ ደንበኛ ደሜን ያፈላዋል።

ሴትዮዋ የመጣችው ጥቁር ለብሳ ነው። «የፍሬኑ መብራት አልጠፋ እያለ ባትሪ ጨረሰብኝ» አለችኝ። «ባለቤቴ መሪው ላይ ልቡ ቆሞ፣ እግሩ ፍሬኑ ላይ እንዳለ ካገኘነው ወዲህ ነው።»

«እግዜር ያጽናሽ እህቴ። ፔዳሉ ሥር ያለችው ማብሪያ ተበላሽታ ነው» አልኳትና ማብሪያዋን ቀየርኩ።

«በይ ግቢና ፍሬኑን ርገጪልኝ» ብዬ ከመኪናው ኋላ ቆምኩ። መስታወቱ ላይ ፀሐይ ስላረፈበት ውስጡ አይታይም።

«ርገጪ!» አልኩ፤ በራ።

«ልቀቂ!» ጠፋ።

«ድገሚው!» በራ።

«ይኸው፣ እንደ አዲስ ሆነ! ነይ ውረጂ።»

«ኧረ መች ገባሁና?» አለችኝ ከጀርባዬ። «በሩ ከውስጥ ተቆልፏል።»

ዞር ብዬ አየኋት። ቁልፉን በእጇ ይዛለች። እሷ ግን እኔን አላየችኝም፤ ዓይኗ ቀዩ መብራት ላይ ነው። ቤቷ ውስጥ ያለች ያህል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«በቃ አንተ፣ ደክሞሃል። ልቀቀው» አለች።

መብራቱ ጠፋ።