ስትመጣ የሚቋረጥ ወሬ

ልጅቷን ከሩቅ ሲያዩ ሁለቱም ዝም አሉ።

ፍቅረኛዋ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውል ጀመር። ከቁመቷ ማጠር የተነሳ «ሚጢጢ» የሚሏት የዶርም ጓደኛዋ ደግሞ «ክፍል አለኝ» ብላ የቤተ መጻሕፍቱን ደረጃ እየሮጠች ወረደች። በዚያ ሰዓት ክፍል እንደሌላት ልጅቷ ታውቃለች። የሚማሩት አንድ ላይ ነው።

«ምን እያወራችሁ ነበር?»

«ስለ ፈተና» አለ ልጁ፣ ዓይኗን ሳያይ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱን በዓይኗ ትከታተል ጀመር። የሥነ ሕንጻ ተማሪ ናት፤ ለማጠቃለያ የምትሠራው የካርቶን ቤት ግድግዳው ተንጋደደ። መምህሯ ዞር ዞር እያለ አየውና «ምነው፣ ልብሽ የት ሄደ?» አላት።

ልቧማ ሚጢጢ ላይ ነው። ሚጢጢ አዲስ ጫማ አድርጋለች። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ተኳኩላ ትወጣለች። «ወዴት ነው?» ስትባል «አክስቴ ጋ» ትላለች። ፍቅረኛዋ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ምግብ ቤት ያስተናግዳል፤ ስልኩን አያነሳም።

«ሌላ ይዘሃል?» አለችው አንድ ቀን።

«ትንሽ ታገሺኝ። የምነግርሽ ነገር አለ፤ እንዴት እንደምነግርሽ ነው የጨነቀኝ።»

ቤት ደውላ አለቀሰች። እናቷ «አይዞሽ የኔ እናት፣ ብቻሽን አትብሰልሰዪ» አሏት። «እኔም ቅዳሜን ብቻዬን ነው የማሳልፈው። አባትሽን ሥራው ወጥሮ ይዞታል።»

አባቷ ስልኩን ተቀበሉ። «ለወንድ ብለሽ እንዳታለቅሺ! ጓደኛሽን ግን ሳታረጋግጪ አትጠርጥሪ። ጨዋ ልጅ ትመስላለች።» ዓመቱ ሲጀመር ፍራሽ ይዘው መጥተው አይተዋታል። እንኳን ለጨዋ፣ ለማንም ክፉ የማያስቡ ሰው ናቸው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሚጢጢ ስትወጣ፣ ልጅቷ ሻርፕ ተከናንባ ከኋላዋ ሄደች። ሚጢጢ ከአውቶቡስ ወርዳ፣ መንገዱን ተሻግራ፣ ቀጥ ብላ ፍቅረኛዋ የሚሠራበት ምግብ ቤት ገባች።

ልጅቷም መንገዱን ሮጣ ተሻገረች። በሩ ጋ ደረሰች። ልጁ ሽርጡን እንደታጠቀ ከውስጥ ሮጦ ወጣና በሩን በክንዱ ዘጋው።

«በእናትሽ አትግቢ!»

«አንተ ከሃዲ! ከእኔው ክፍል፣ ከእኔው ጓደኛ ጋር?»

«ስሚኝ። ተይ እያልኩ ስለምናት ነው የከረምኩት። የዛሬው የመጨረሻዬ ነው ብላ ምላልኛለች።»

ቃሉ ከጆሮዋ አልገባም። ገፍታው ገባች። ወንበር እየገፋች፣ ጥግ ላይ ወዳለው ጠረጴዛ ሄደች። ሚጢጢ ስታያት ፊቷ አመድ መሰለ።

«ልጄ…» አሉ አባቷ፣ የሚጢጢን እጅ ለቀው።