ቫዝሊን የተቀባው ብስክሌት

በዚያን ዘመን ለሙዚየም የተሰጠ ትዝታ ከሰጪው ራስ ጨርሶ ይወጣ ነበር። ወይዘሮ ትኩነሽ የሟች ወንድሟን፣ የኮምቦልቻውን የብስክሌት ጀግና የደጀኔን፣ ሳቁንም ሠርጉንም ሰጥታለች። እቤቷ አፉ የተሸረፈ ሰማያዊ ኩባያ አለ፤ ልጆቿ ሲነኩት ትቆጣለች፤ ለምን እንደምትቆጣ ግን አታውቅም፤ የኩባያው ትዝታም አብሮ ተሰጥቷል።

ዛሬ የቀረቻትን አንዲት ትዝታ እንድትሰጥ ተጠርታ መጣች። የሙዚየሙ አስጎብኚ ሰብለ ትዝታ ከራስ የሚቀዳበትን ቆብ ይዛ ጠበቀቻት።

"እትዬ፣ ያቺ የመጀመሪያ ውድድሩ ብቻ ናት የቀረችው። ሕዝቡ ጀግናውን ሙሉውን ይየው።"

"ሕዝቡ ሙሉውን ሲያይ እኔ ባዶዬን ልቅር?"

"ፈርመዋል እኮ!"

"ፈረምኩ፤ ጅል ነበርኩ። አሁን አልሰጥም!"

ትኩነሽ ቆቡን ከሰብለ እጅ ነጥቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ ጎብኚዎቹ ዞረች።

"ኑ፣ ቅረቡ! ብስክሌቱ እንዲያብረቀርቅ ብዬ ፍሬኑን ሳይቀር ቫዝሊን ለቀለቅሁት። ወንድሜ ከደሴ ቁልቁል ሲወርድ ማቆም አቅቶት፣ 'ትኩዬ ገደልሽኝ!' እያለ አንደኛ ወጣ!"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

"እትዬ፣ እንዲህማ አይቻልም" አለች ሰብለ፣ ሳቋን እያፈነች።

"በአፍ ሲነገር ከራስ አይወጣም፤ ማን ይከለክለኛል?" አለችና፣ ዘግይተው ለገቡት እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችላቸው።