ድምጿ ማር የሆነችው ሶፍትዌር

ወይኔ ስታምር! ሶስና ገና የሶፍትዌሯን ድምፅ ስትሰማ በቃ አበደች። አባቷ ኢንጂነር መርዕድ ለድልድይ ሥራው የስሌት ሶፍትዌር እየመረጠ ነበር። ሕጉ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ሶፍትዌር የመረጠ መሐንዲስ የራሱን ሒሳብ ከጭንቅላቱ ያስወጣል፣ ሁለት መልስ እንዳይኖር።

"አባዬ፣ ይቺን በናትህ! ያኛው እኮ እንደ ጡረተኛ ዘበኛ ነው የሚያወራው!"

"ያኛው ግን መቁጠርን እንኳ ጭንቅላቴ ውስጥ ይተውልኛል።"

"መቁጠር ምን ያደርግልሃል? ሰው ፊት በጣትህ አንጓ ስትደምር እኔ ነኝ የማፍረው!"

አባቷ ሳቀና ፈረመላት።

እሁድ ምሳ ላይ ዳቦውን ሊቆርስ ተነሳ። እናቷንም እሷንም አየ፣ ቢላዋውን እንደያዘ ቀረ።

"ለስንት ልቁረሰው?"

"ይቅርታ ኢንጂነር! የዳቦ ቆጠራ እርስዎ በመረጡት ጥቅል ውስጥ የለም" አለች ያቺ ማር ድምፅ ከስልኩ ውስጥ።

ሶስና ልትስቅ ነበር። ግን የአባቷ አውራ ጣት ከየት እንደሚጀምር ጠፍቶት ጣቶቹ ላይ ሲንከራተት አየች። እጁን ያዘችና አውራ ጣቱን የትንሿ ጣቱ አንጓ ላይ አስቀመጠችለት።

"አንድ በል፣ አባዬ።"

"አንድ" አለ ኢንጂነሩ፣ ቀጥሎ ያለውን እንድትነግረው ዓይን ዓይኗን እያየ።